የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሜጋሎዶን የማን ዘመድ ነው?

በዚህ እትም ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ስለጠፋ አንድ ግዙፍ ሻርክ የደረሱንን ሦስት ጥያቄዎች እናስተናግዳለን። የመጀመሪያው ሰፊ ማብራሪያ የሚያስፈልገው በመሆኑ አብዛኛውን ቦታ ሰጥተነዋል። የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ነሐሴ ከልጆቼ ጋር በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ወደሚገኘው የካልቨርት ክሊፍስ ፓርክ ሄደን ሳለን ትንሹ ልጄ ከአሸዋው ውስጥ አንድ ጥቁር የሻርክ ጥርስ አገኘ። ጥርሱ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጠርዙ በጣም ደቃቅ በሆኑ የመጋዝ ጥርሶች የተሞላ ነው፤ ከሥሩ በላይ ደግሞ በግራና በቀኝ ትናንሽ ጉብታዎች አሉት። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስነው አሮጌ መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ጥርስ «ካርካሮዶን ሜጋሎዶን» ይለዋል። ቅሪተ አካል በሚሸጥበት ሱቅ ያየነው ምልክት «ካርካሮክሌስ ሜጋሎዶን» ይላል። የልጄ አዲሱ መጽሐፍ ግን «ኦቶደስ ሜጋሎዶን» ብሎታል። ልጄ ጥርሱን ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ዐውደ ርእይ ስለሚያቀርበው ትክክለኛውን ስም መጻፍ ይፈልጋል። የትኛውን እንጻፍ? ሊቃውንቱስ በአንድ ስም መስማማት ለምን አቃታቸው? (ወ/ሮ ሰ.፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሦስቱም ስሞች በየዘመናቸው በሊቃውንት የተጻፉና ምክንያት ያላቸው ስሞች ናቸው። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች የሚመርጡት «ኦቶደስ ሜጋሎዶን» የሚለውን ሲሆን ይህ አምድም የሚደግፈው ይህንኑ ነው። ሆኖም ከስሞቹ በስተጀርባ ሁለት የተለያዩ ክርክሮች ስላሉ፣ እነርሱን ለይቶ ማየት ለልጅዎ ዝግጅት ከስሙ የበለጠ ይጠቅመዋል ብለን እናምናለን። አንደኛው «ማን ከማን ተወለደ?» የሚል ነው፤ ይህ በማስረጃ የሚፈታ ጥያቄ በመሆኑ ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ መልሱ በእጅጉ ጠርቷል። ሁለተኛው ግን የዘር ሐረጉን ሁሉም ወገን ከተቀበለው በኋላ «ሐረጉን ከየት ላይ ቆርጠን አዲስ ስም እንስጥ?» የሚል ነው፤ ለዚህ አዲስ ቅሪተ አካል ብቻውን መልስ አይሰጥም።

ሳይንሳዊ ስም ሁለት ክፍል አለው፤ የፊተኛው ቃል እንስሳው የሚመደብበትን ወገን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። «ሜጋሎዶን» በሚለው የዝርያ ስም ላይ ክርክር የለም፤ የሚያከራክረው የፊተኛው ቃል ነው፤ ምክንያቱም ይህ ቃል ስለ ዝምድና የሚሰጥ ምስክርነት ነው። «ካርካሮዶን» ብሎ የሚጽፍ ሰው ሜጋሎዶን በዛሬው ባሕር የሚኖረው የታላቁ ነጭ ሻርክ የቅርብ ዘመድ ነው ማለቱ ነው። «ካርካሮክሌስ» ወይም «ኦቶደስ» የሚል ደግሞ ሜጋሎዶን ከዳይኖሰሮች ዘመን ጀምሮ በራሱ መንገድ የመጣና አንድም ተተኪ ሳይተው የጠፋ የሌላ አስተኔ (የተዛማጅ ወገኖች ቤተሰብ) አባል መሆኑን እየመሰከረ ነው። ሁለቱም ተከራካሪዎች የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ነጩ ሻርክም ሆነ ሜጋሎዶን ላምኒፎርምስ በሚባለው ሰፊ ክፍለ መደብ ውስጥ መሆናቸው ነው።

ክርክሩን ያከበደው የማስረጃው ዓይነት ነው። የሻርክ አጽም የተሠራው ካርቲሌጅ ከሚባለው ልም አጥንት በመሆኑ እንስሳው ከሞተ በኋላ ቶሎ ይበሰብሳል። ጥርስ ግን ጠንካራ ከመሆኑም በላይ ሻርክ በሕይወት ዘመኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥርሶችን እየጣለ በአዲስ ስለሚተካ በባሕር ወለል ላይ ተቀብሮ የሚቀረው ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት የሜጋሎዶን ጥርስ ከብዙ አገሮች ሲገኝ፣ ከቀረው ሰውነቱ ግን የተገኙት በአብዛኛው የአከርካሪ አንጓዎች ናቸው። ሙሉ የራስ ቅል እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንግዲህ ስለ ዝምድናው የተባለው ሁሉ፣ ከጥቂቱ በስተቀር፣ ከጥርስ የተነበበ ነው።

ዝምድናውን ከጥርሱ ያነበበው የመጀመሪያው ሊቅ የስዊዘርላንዱ ተወላጅ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሉዊ አጋሲ ነበር። አጋሲ በ1830ዎቹ በአውሮፓ ሙዚየሞች የተከማቹትን የዓሣ ቅሪተ አካላት ሲመረምር ግዙፉን ጥርስ ከታላቁ ነጭ ሻርክ ጥርስ ጋር አስተያየው። ሁለቱም ሰፊና ሦስት ማዕዘን ናቸው፤ የሁለቱም ጠርዝ መጋዛማ ነው። ስለዚህ በ1843 በተጠናቀቀው ታላቅ ሥራው ከነጩ ሻርክ ጋር በአንድ ወገን መድቦ «ካርካሮዶን ሜጋሎዶን» አለው። በዚያው ሥራ ውስጥ ጠርዙ ለስላሳ የሆነና በግራና በቀኝ ጉልህ ንዑስ ጫፎች (እርስዎ ጉብታ ያሏቸው ዓይነት) ያሉት ሌላ ትልቅ ጥርስ ነበር፤ ይህን «ኦቶደስ ኦብሊኩስ» ብሎ ለብቻው አስቀመጠው። ከአጋሲ በኋላ የተካሄደው ረጅም ክርክር ይህ አመዳደብ ትክክል ነበር ወይ የሚል ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ ያለው ማስረጃ እንደሚያሳየው አጋሲ የለያያቸው ሁለቱ ሥጋ ዘመዳሞች፣ በአንድ ቤት ያስቀመጣቸው ሁለቱ ግን ባዳዎች ነበሩ።

የአጋሲን አመዳደብ ተቀብለው የቆዩት ተመራማሪዎች ደካማ መከራከሪያ ይዘው እንዳልነበር መታወቅ አለበት። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻና ከዚያም በኋላ እንደ ማይክል ጎትፍሪድና ሮበርት ፐርዲ ያሉ የታወቁ ባለሙያዎች «ካርካሮዶን» የሚለውን ስም ይጠቀሙ ነበር። ማስረጃቸው የጠርዙ መመሳሰል ብቻ አልነበረም፤ ጥርሶቹ በመንጋጋ ላይ የሚደረደሩበት ሥርዓት በሁለቱ ይመሳሰላል፤ በተጨማሪም በለጋ ዕድሜ ላይ ያለ ነጭ ሻርክ ጥርስ አንዳንድ ጊዜ እንደ ጥንቶቹ የሜጋሎዶን ዘመዶች በጎኑ ትናንሽ ጫፎች ይኖሩታል ብለው ያመለክቱ ነበር። በአንድ ዘመን የተገኙ ጥርሶችን ብቻ ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚመለከት ሰው ይህ አሳማኝ ነው።

ጥርሶቹ በተገኙበት የምድር ንብርብር ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከ60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይኖር የነበረው ኦቶደስ ኦብሊኩስ፣ ጥርሶቹ በሞሮኮ የፎስፌት ማዕድን ማውጫዎች በብዛት የሚገኙት ማለት ነው፣ ጠርዙ እንደ ቢላዋ ስለት ለስላሳ ነበር። ከእርሱ በኋላ በመጡት ንብርብሮች ውስጥ በጠርዙ ላይ ወጥነት የሌለው መጋዛማነት መታየት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ኦቶደስ ኦሪኩላተስ በተባለው ዝርያ መጋዙ ሙሉ ይሆናል፤ ከዚያ አንጉስቲደንስና ቹቡቴንሲስ በተባሉት ዝርያዎች በኩል የጎን ጫፎቹ እያነሱ፣ ጥርሱ እየሰፋ፣ በመጨረሻም የጎን ጫፍ የሌለው የሜጋሎዶን ጥርስ ይመጣል። ይህ ሰንሰለት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገሩ መካከለኛ ጥርሶች ስላሉት በየትኛውም ቦታ ላይ ሰፊ ክፍተት አይታይበትም።

የነጩ ሻርክ ሰንሰለት ሌላ ነው። ቅድመ አያቱ ጠርዙ ፍጹም ለስላሳ የሆነው፣ በብዙ መጻሕፍት ከማኮ ሻርኮች ጋር ኢሱረስ ሃስታሊስ ተብሎ ይመደብ የነበረው ሻርክ እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ከፔሩ ተገኝቷል። በ1988 በፒስኮ የድንጋይ ንብርብር ውስጥ 222 ጥርሶችና 45 የአከርካሪ አንጓዎች በየቦታቸው እንዳሉ የተጠበቁበት አንድ ሻርክ ተቆፍሮ ወጣ፤ ይህም በሻርክ ቅሪተ አካል ዘንድ እጅግ ብርቅ ነው። ቅሪተ አካል ሰብሳቢው ጎርደን ሃበል ለፍሎሪዳ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አስረክቦታል፤ ዳና ኤረትና ባልደረቦቹ በ2009 መርምረው ይፋ አደረጉት፣ በ2012 ደግሞ «ካርካሮዶን ሃበሊ» የሚል ስም ሰጡት። ዕድሜው 6.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ በጥርሶቹ ጠርዝ ላይ ያለው መጋዝ ገና ደካማ ነው፤ ከለስላሳው ሃስታሊስና ከዛሬው ነጭ ሻርክ መካከል ይገኛል።

በእኛ አስተያየት የመጀመሪያውን ክርክር የቋጨው ይህ የጊዜ ልዩነት ነው። የነጩ ሻርክ ቅድመ አያቶች መጋዛማ ጠርዝ ገና ሲያበቅሉ፣ በሜጋሎዶን የዘር ሐረግ ይህ ጠርዝ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። ስለዚህ መጋዙ ከአንድ የጋራ ቅድመ አያት የተወረሰ ሊሆን አይችልም፤ ትልልቅ እንስሳትን ቦጭቀው የሚበሉ ሁለት የተለያዩ ሻርኮች በየራሳቸው ጊዜ ያበቀሉት ነው። ነብር ሻርክም ከሁለቱም በጣም የራቀ ሆኖ ሳለ መጋዛማ ጥርስ አለው፤ እንዲህ ያለው ጠርዝ በሻርኮች መካከል ደጋግሞ የተፈጠረ ነገር ነው። በሦስት ትውልድ ተመራማሪዎች ዓይን ዋነኛ የዝምድና ምልክት መስሎ የታየው ይህ ጠርዝ ዝምድናን ለመለየት ከሁሉም ያነሰ ጥቅም ያለው ሆኖ ተገኘ።

በእጅዎ ባለው ጥርስ ላይ ልዩነቱን ራስዎ ማየት ይችላሉ። በሥሩና በአብረቅራቂው ስለታም ክፍል መካከል ያለውን ቦታ በብርሃን ይመልከቱ፤ በሜጋሎዶንና በዘመዶቹ ጥርስ ላይ እዚህ ቦታ ወደ ታች የጎበጠ፣ ቀለሙ ከቀረው የሚለይ ደብዛዛ ቀበቶ ይኖራል። ይህ ቀበቶ በኦቶደስ ኦብሊኩስ ላይ አለ፤ በነጩ ሻርክ ላይ ግን የለም። ጥፍርዎን በጠርዙ ላይ ሲያስኬዱ የሜጋሎዶን መጋዝ ደቃቅና እኩል ሆኖ ይሰማዎታል፤ የነጩ ሻርክ ሻካራና ጥርሶቹ የማይተካከሉ ነው። ሥሩም ወፍራም ነው፤ የነጩ ሻርክ ጥርስ ከጎን ሲታይ ግን ስስ ነው። የጥርሱ መጥቆር የመጣው በተቀበረበት ቦታ ካሉት ማዕድናት ስለሆነ ስለ ዝርያውም ሆነ ስለ ዕድሜው የሚናገረው ነገር የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክርክር እንለፍ። «ካርካሮክሌስ» የሚለውን ወገን በ1923 ያወጡት ዴቪድ ስታር ጆርዳንና ሃሮልድ ሃኒባል ናቸው። ሜጋሎዶን ከነጩ ሻርክ ወገን መውጣት እንዳለበት የተረዱ ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ስም ተቀብለው መጋዛማ ጠርዝ ያላቸውን በሙሉ ካርካሮክሌስ፣ ለስላሳዎቹን ኦቶደስ ብለው ለዩ። ሶቪየቱ ሊቅ ግሊክማን በ1964 ሜጋሎዶንን «ሜጋሴላከስ» ብሎ ለብቻው እስከ መነጠል ደርሶ ነበር። ይሁን እንጂ ካርካሮክሌስ ራሱ የኦቶደስ ልጅ ከሆነ፣ ልጁን አውጥቶ አያቱን ብቻውን በአንድ ወገን ማስቀረት የዛሬውን የአመዳደብ መርሕ ይጥሳል። ዘር ሲቆጠር አያቱን ጠርቶ የልጅ ልጆቹን መዝለል እንደማይቻለው ሁሉ፣ አንድ ወገን ቅድመ አያቱንና ከእርሱ የወጡትን ሁሉ መያዝ አለበት የሚል መርሕ ነው። ኬንሹ ሺማዳና ባልደረቦቹ በ2016 ሜጋሎላምና የተባለ አዲስ የዚህ አስተኔ ሻርክ ሲገልጹ፣ ካርካሮክሌስና ሜጋሴላከስ ሁለቱም ወደ ኦቶደስ ይጠቃለሉ ያሉት በዚሁ ምክንያት ነበር። የሚጸናው ኦቶደስ የሆነውም ቀድሞ የወጣ ስም ስለሆነ ነው።

ሁሉም አልተስማማም፤ ተቃዋሚዎቹም የሚያቀርቡት ምክንያት ሊሰማ የሚገባው ነው። ኦቶደስ ራሱ ክሬታላምና ከተባለ የዳይኖሰር ዘመን ሻርክ የወጣ እንደሆነ ይታመናል፤ መርሑን እስከ መጨረሻው ከተከተልን ክሬታላምናም ኦቶደስን መዋጥ ነበረበት፣ ከዚያም ሌላው እየቀጠለ ይሄዳል። በቅሪተ አካል ጥናት ውስጥ ቅድመ አያት የሆነ ወገን ሁልጊዜ «ያልተሟላ» መሆኑ የማይቀር ነው፤ እንግዲያው መጋዝ ያላቸውንና የሌላቸውን በቀላሉ የሚለየው ስም ለምን ይጣላል? ይላሉ። ይህ ክርክር ስለ ሻርኮቹ የተለየ ነገር አይናገርም፤ ሁለቱም ተከራካሪዎች የሚስሉት የዘር ሐረግ አንድ ነው። እኛ ወደ ኦቶደስ የምናደላው ስሙ ስለ ዝምድናው የሚሰጠው ምስክርነት ይበልጥ እውነት ስለሆነ ነው፤ ሆኖም «ካርካሮክሌስ» ብሎ የጻፈ ሰው ተሳስቷል አንልም። «ካርካሮዶን» የሚለው ግን ዛሬ ሊጻፍ አይገባም።

የእርስዎን ጥርስ በተመለከተ ደግሞ ልጅዎ ካሰበው በላይ ጠቃሚ ነገር አግኝቷል። የጎን ጉብታ ያላቸው ጥርሶች ቹቡቴንሲስ፣ የሌላቸው ሜጋሎዶን ይባላሉ፤ ይህ ሽግግር በዝርዝር የተጠናውም ራሱ በካልቨርት ገደሎች ነው። ቪክቶር ፔሬዝና ባልደረቦቹ በ2019 ባሳተሙት ጥናት ከየትኛው ንብርብር እንደወጡ የታወቁ 359 ጥርሶችን መርምረው፣ ከ20 እስከ 17 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ 87 በመቶ የሚሆኑት የጎን ጫፍ እንደነበራቸው፣ ከ14.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ ወደ 33 በመቶ እንደወረደ፣ ከ7.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደግሞ አንድም እንዳልቀረ አሳይተዋል። ለውጡ ከአሥር ሚሊዮን ዓመት በላይ ስለፈጀ፣ ሁለቱ ዓይነት ጥርሶች በአንድ ዘመን፣ በአንድ ባሕር ውስጥ ነበሩ። የሜጋሎዶን ግልገሎችም አንዳንዶቹ የጎን ጫፍ ነበራቸው። በዚህ የተነሳ ከንብርብሩ ተለይቶ በአሸዋ ላይ የተገኘ፣ 6 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ጉብታ ያለው ጥርስ የቹቡቴንሲስ ይሁን የወጣት ሜጋሎዶን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። «ሜጋሎዶን መቼ ተጀመረ?» ለሚለው ጥያቄ በየመጽሐፉ የተለያየ ዓመት የሚገኘውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ ልጅዎ በምልክቱ ላይ «ኦቶደስ፤ ቹቡቴንሲስ ወይም ሜጋሎዶን» ብሎ እንዲጽፍ እንመክራለን። ከዚያ በታች የተገኘበትን የባሕር ዳርቻ፣ ቀኑንና ከገደሉ ሥር ይሁን ከውኃው ጠርዝ የተነሳበትን ቦታ ያክልበት፤ ስም ወደፊትም ሊሻሻል ይችላል፤ ያልተመዘገበ ቦታ ግን ተመልሶ አይገኝም። በሶሎሞንስ ከተማ ያለው የካልቨርት የባሕር ሙዚየም የእነዚሁ ገደሎች ጥርሶች ስብስብ ስላለው ወስዳችሁ ብታስተያዩት መልካም ነው። ወደ ገደሉ መውጣትም ሆነ ገደሉን መቆፈር በፓርኩ የተከለከለ መሆኑን ልጆቹ አይርሱ፤ የሚናደው አፈር ለሕይወት ያሰጋል።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሜጋሎዶን የነጭ ሻርክ ዘመድ ካልሆነ በመጻሕፍት ላይ እንደ ትልቅ ነጭ ሻርክ ተደርጎ የሚሳለው ሥዕል ምን ይሆናል? ርዝመቱስ በምን ይሰላል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህር፣ የአመዳደቡ ክርክር ከስም አልፎ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። ከሙሉ አጽም የማይታወቅን እንስሳ ርዝመት ለመገመት በሕይወት ያለ ዘመዱን መለኪያ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ዘመዱ ሲለወጥ ስሌቱም ይለወጣል። በ1909 በኒውዮርክ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የተሠራው ዝነኛ መንጋጋ 30 ሜትር የሚደርስ ሻርክ አስገምቶ ነበር፤ የጎን ጥርሶች ከፊተኞቹ እንደሚያንሱ ሳይታሰብ ስለተሠራ ከልክ በላይ ሰፍቶ ነበር። በ1996 ጎትፍሪድና ባልደረቦቹ የነጩን ሻርክ መጠን ተከትለው 16 ሜትር ገደማ አደረሱት፤ በብዙ መጻሕፍት ላይ ያለው ወፍራም ሰውነት የመጣው ከዚህ ነው።

የዚህን ስሌት ድካም ያጋለጠው በብራስልስ የሚገኘው የአከርካሪ ስብስብ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ቤልጅየም ውስጥ የተገኙት እነዚህ 141 አንጓዎች በነጩ ሻርክ ቀመር ሲሰሉ የእንስሳው ጠቅላላ ርዝመት 9.2 ሜትር ብቻ ይሆናል፤ አንጓዎቹ ግን ተደርድረው ሲለኩ፣ ራስና ጅራት ሳይጨመር፣ 11.1 ሜትር ይደርሳሉ። ይህ ማንም ተማሪ ሊያረጋግጠው የሚችል ተቃርኖ ነው። በ2024 የወጣ ጥናት ከዚህ ተነስቶ ሜጋሎዶን ከነጭ ሻርክ ይልቅ ቀጠን ብሎ የረዘመ እንደነበር ደመደመ። በ2025 ሺማዳና ባልደረቦቹ የቤልጅየሙን ሻርክ 16.4 ሜትር ካሉት በኋላ፣ በዴንማርክ ከተገኙት እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካላቸው አንጓዎች ተነስተው ትልቁን እስከ 24.3 ሜትር አድርሰውታል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር የአንዱን ሻርክ መጠን በሌላው ላይ በማስፋት የተገኘ በመሆኑ ለተማሪዎች እንደ ግምት ቢነገር ይሻላል፤ ቀጭንነቱ ግን በጠንካራ ማስረጃ ላይ ቆሟል።

ጥያቄ፦ ክርክሩን በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ለምን አይፈቱትም? (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እስከ ዛሬ የተነበበው እጅግ ጥንታዊ ዲ.ኤን.ኤ. ከሰሜን ግሪንላንድ አፈር የወጣው ሲሆን ዕድሜው 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ እርሱም የተረፈው በቅዝቃዜው ምክንያት ነው። ሜጋሎዶን በ2019 በወጣው ጥናት መሠረት ከ3.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፍቷል፤ ጥርሶቹም የተገኙት በሞቃት ባሕሮች ወለል ነው፤ ስለዚህ ዲ.ኤን.ኤ.ው ተርፎ ይገኛል ተብሎ አይጠበቅም። በጥርሱ ሽፋን ውስጥ የቀሩ ኬሚካሎች ግን ሌላ ዓይነት መረጃ ይሰጣሉ። በ2023 የታተመ ምርመራ የሜጋሎዶን ሰውነት ከከበበው ውኃ በ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይሞቅ እንደነበር አሳይቷል። የዛሬው ነጭ ሻርክም ሰውነቱ ሞቃት ነው፤ ይሁንና ሙቀት እንደ መጋዛማው ጠርዝ በሁለት ሐረጎች ለየብቻ ሊመጣ ስለሚችል ስለ ዝምድና ብቻውን አይመሰክርም። የሜጋሎዶንን ቦታ ይበልጥ ሊያጸና የሚችለው ጥርሶቹ በመንጋጋው ላይ እንዳሉ የተጠበቀ የራስ ቅል ነው፤ ለነጩ ሻርክ ሐረግ የፔሩው ግኝት ያደረገው ይህንኑ ነበር።